መኪናውን አገኘሁት፣ ወንድሜን አጣሁት፦ እስረኛ ለምታመላልሱ ቢሮዎች ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፖሊስ፣ ለማረሚያ ቤትና ለፍርድ ቤት ኃላፊዎች፣ እስረኛ ለምታጅቡ አጃቢዎችና ሹፌሮችም ጭምር

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጅማ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ካሜራ እሰቅላለሁ፣ ዋናው እንጀራዬ ግን መኪና ላይ ጂፒኤስ መግጠም ነው፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ሚኒባስ፣ አንዳንዴ ባጃጅም ይመጣልኛል (የባጃጅ ባለቤት ጂፒኤስ የሚያስገጥመው ሹፌሩ ማታ ለራሱ እየሰራ እንደሆነ ለማወቅ ነው፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው)። የማመልከቻ አጻጻፍ አልችልበትም፣ ሱቅ ውስጥ እንደማወራው ነው የምጽፈው፣ ረዘመ ብላችሁ እንዳትተዉት አደራ።

ነገሩ ከታናሽ ወንድሜ ይነሳል። ሹፌር ነው፣ የሰው አይሱዙ ይነዳ ነበር፣ የመኪናውን ጂፒኤስ ደሞ የገጠምኩት እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ማታ ከጅማ ወጣ ብሎ ሰው ገጨ፣ ሰውየው አረፈ፣ አላህ ይዘንለት። ወንድሜ ሳይሸሽ እዛው ቆሞ እጁን ሰጠ፣ ስልኩን ተቀበሉት፣ በቃ ከዛ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የመኪናው ባለቤት ሌሊት ደውሎ መኪናዬ አልንቀሳቀስ አለ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ አየሁ፣ መኪናው አንድ ፖሊስ ጣቢያ ጊቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ባትሪው 24.6 ቮልት ነው፣ አፍንጫው ወደ ሰሜን ዞሯል። ይሄን ሁሉ አልጋዬ ላይ ተኝቼ አውቃለሁ። ንጋት ላይ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ፣ መኪናው እውነትም እዛው በዛው አቅጣጫ ቆሟል፣ ወንድሜ ግን የለም።

"ወስደውታል" አለኝ በር ላይ ያለው ልጅ። የት? "እኔ አሁን ነው ተረኛ የሆንኩት፣ የማታዎቹ ናቸው የሚያውቁት።" የማታዎቹ ተኝተዋል። ሌላ ጣቢያ ሄድኩ፣ በዚህ ስም የገባ ሰው የለም ተባልኩ። ሌላ ጋ ሄድኩ፣ የለም። እናታችን ስንቁን በፌስታል አንጠልጥላ ከኋላ ከኋላዬ ትከተላለች፣ ፔርሙሱ ውስጥ ያለው ሻይ ቀዘቀዘ፣ ሌላ ተቀዳ፣ እሱም ቀዘቀዘ፣ እንዲህ ሆነን 2 ቀን ዞርን። በመጨረሻ የተገኘው መጀመሪያ የለም ካሉኝ ጣቢያ ነው፣ ስሙ መዝገብ ላይ ሌላ ሆኖ ተጽፎ። ውሸት አልነገሩኝም፣ እኔ የጠራሁት ስም እውነትም የለም።

ቦታዎቹን አልጠራም። ሰዎቹ ክፉ ስለነበሩ አይደለም ይሄን የምጽፈው፣ አንዱ ፖሊስ እንደውም እናቴን "ማዘር አረፍ በይ" ብሎ የራሱን ወንበር ሰጥቷታል። ችግሩ እሱም አያውቅም ነበር። እና እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ሱቄ ቁጭ ብዬ የማስበው ይሄንን ነው፣ አንድ አይሱዙ የት እንዳለ ለማወቅ 30 ሰከንድ በቂ ከሆነ፣ መንግስት በካቴና አስሮ በራሱ መኪና የጫነው ሰው እንዴት ነው 2 ቀን የሚጠፋው?

ወደ ስራዬ ልምጣ። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ሲባል ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ የሚያየን ይመስለዋል። አይደለም። ሳተላይቶቹ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓት ይናገራሉ፣ መኪናው ላይ ያለችው ሳጥን ቢያንስ የ4ቱን ሰምታ ያለችበትን ቦታ ራሷ ታሰላለች፣ ሳተላይቱ ስለ መኪናው ምንም አያውቅም። ከዛ ያሰላችውን ልክ እንደ ስልክ በሲም ካርድ ወደ ሰርቨር ትልካለች። ኔትወርክ የሌለበት ገደል ውስጥ ብትገባ እንኳን ደህና ሳጥን ከሆነች ሜሞሪዋ ላይ ይዛ ኔትወርክ ስታገኝ አንድ ላይ ታራግፈዋለች፣ ስለዚህ "እዛ ጋ ኔትወርክ የለም" የሚለው ሰበብ ለአሁኑ ሰዓት ይሰራል እንጂ ለነገው መዝገብ አይሰራም። በየ30 ሰከንዱ ብትልክ በቀን 2,880 መልዕክት ነው፣ ግን እያንዳንዱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ወሩን ሙሉ ተደምሮ ዳታው ወደ 10 ሜጋባይት ቢሆን ነው፣ አንድ ልጅ ቲክቶክ ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰው ማለት ነው። የበር ሴንሰር ይገጠምላታል፣ በሩ መንገድ ላይ ከተከፈተ የት እና በስንት ሰዓት እንደተከፈተ ይመዘገባል። ለሹፌሩ የድንገተኛ ቁልፍ ይገጠማል፣ አንዴ ሲጫን ቦታው አብሮ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ለጅማ አዲስ ነገር አይደለም፣ የቡና መኪና መሸኛ ይዞ ታሽጎ ይወጣል፣ ኬላ ላይ ማሸጊያው ይታያል፣ የደረሰበት ጋ ተቆጥሮ ይፈረማል፣ አንድ ኬሻ ቢጎድል ሹፌሩ ይጠየቃል። ለኬሻው የምናውቅበትን ለሰው የማናውቅበት ምክንያት አልገባኝም።

ግን እውነቱን ልናገርና ሳጥኗ ብቻዋን ምንም አታደርግም። ጂፒኤስ ሸጬ ስለምኖር ሳጥን ግዙ ብል ይሻለኝ ነበር፣ የወንድሜ ችግር ግን የሳጥን ችግር አልነበረም። ሶስት ቢሮ ሶስት መዝገብ ይዞ እርስ በርስ አለመነጋገሩ ነው።

ሁለተኛውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ነው የሚወጋው። ቀጠሮ እየጠበቀ አንድ ማረሚያ ቤት ሲቆይ መድሃኒቱ ክሊኒካቸው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥለት ነበር፣ ነርሷ ደሞ በደንብ ታየው ነበር፣ አላህ ይስጣት። አንድ ሌሊት ዝውውር ተባለ፣ ከሌሎች 5 ሰዎች ጋር ተጭኖ ሌላ ዞን ሄደ። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ቀረ። ተረካቢዎቹ ስኳር እንዳለበት የሚያውቁበት ምንም ነገር የለም፣ እሱ ቢናገርም መድሃኒቱ በእጁ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሁሉም እስረኛ አመመኝ ይላል ነው ነገሩ። በሁለተኛው ቀን ውሃ ውሃ እያለ ሲያስመልሰው፣ ከዛም መናገር ሲያቅተው አብረውት ያሉት ልጆች በር ደብድበው ሆስፒታል ተወሰደ፣ ተረፈ። በኋላ ጠበቃው የርክክብ ወረቀቱን አሳየኝ። የ6ቱ ስም አለ፣ የክሱ ዓይነት አለ፣ የአጃቢዎቹ ስምና ፊርማ አለ፣ ከታች ደሞ "ካቴና ብዛት 3" ይላል። ካቴናው ንብረት ስለሆነ ተቆጥሮ መመለስ አለበት፣ ተቆጥሯል። ኢንሱሊኑን ግን የሚጽፉበት መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። ፀሃፊው ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን ቅጹ አልጠየቀውም።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ይሄው ነገር በወረቀት ነበር የሚሰራው፣ እስረኛው ጋር አብሮ የሚጓዝ በእጅ የሚሞላ ቅጽ። አሁን ቅጹ ዲጂታል ሆኗል፣ መኪና የሚታዘዝበትም አሰራር ከዛው ጋር ተያይዟል፣ ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤትና አጓጓዡ አንድ ነገር ነው የሚያዩት፣ ህመሙ፣ መድሃኒቱ፣ ራሱን ይጎዳል ወይ የሚለው ስጋት ሰውየው ከመድረሱ በፊት ተቀባዩ ጋ ይደርሳል። ሮኬት ሳይንስ አይደለም፣ አንድ ቅጽ ነው፣ ሁሉም በየኮምፒውተሩ የሚያየው።

ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. እዚህ አገራችን መጥቶ ኮልፌ ሰልጥኖ ነበር፣ ተመልሶ ሲገባ መኪና ውስጥ ሆኖ መንገድ ላይ ነው የተያዘው፣ 27 ዓመት ታሰረ። በስሙ የተጠሩት የተባበሩት መንግስታት የእስረኛ አያያዝ ደንቦች በ2015 እ.ኤ.አ. ሲጸድቁ እዚህ እኔ የምጮህበት ነገር ሁሉ ገብቶበታል። ደንብ 26 እስረኛ ሲዛወር የህክምና ፋይሉ አብሮት ይሂድ ይላል። ደንብ 68 ሲዛወር ለቤተሰቡ ወዲያው የማሳወቅ መብት አለው ይላል። ደንብ 73 ደሞ ስለ መኪናው ነው፣ አየርና ብርሃን በሌለው ነገር አይጫን፣ ለህዝብ እይታ በተቻለ መጠን አይጋለጥ ይላል። ይሄ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እኛም ጥፋተኞች ነን። ተጠርጣሪ ከመኪና ሲወርድ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ሰው መዓት ነው፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ "ሌባው ተያዘ" ተብሎ፣ ከ3 ወር በኋላ ፍርድ ቤት በነጻ ሲያሰናብተው ግን ማንም አይቀርጽም። አንዳንዴ ቀራጩ አጃቢው ራሱ ነው። ወንድማለም፣ ያ ቪዲዮ እኮ የእስረኛውን ፊት ብቻ አይደለም የሚያሳየው፣ ያንተን ፊት፣ የመኪናውን ታርጋ፣ በየትኛው በር እንደምትገቡ፣ ስንት ሆናችሁ እንደምታጅቡ ሁሉ ያሳያል።

አሁን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ፣ "ይሄ የሴኩሪቲ ጉዳይ ነው፣ የእስረኛ ጉዞ ለሰው አይነገርም"። ልክ ናችሁ፣ እኔም አይነገር ነው የምለው! ፈረንሳይ ውስጥ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. አንድ እስረኛ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ኢንካርቪል የሚባል የመንገድ ክፍያ ጣቢያ ላይ ጠብቀው መኪናውን ገጩት፣ ተኩስ ከፈቱ፣ 2 የማረሚያ ቤት አጃቢዎች ሞቱ፣ እስረኛውን ይዘው ጠፉ፣ የተያዘው በቀጣዩ ዓመት በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ሩማኒያ ነው። እዛ ያሉ አጃቢዎች ከዛ በኋላ የጠየቁት አንዱ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ለጥቃቅን ቀጠሮ ሁሉ ሰው አታመላልሱ፣ በቪዲዮ ይሁን ነው። እኛም ጋ የፕላዝማ ችሎት የሚባል ነገር ስንሰማ ቆይተናል፣ ቀጠሮ ለማስተላለፍ ብቻ ለሚጠራ መዝገብ እስረኛ በመኪና ከሚሄድ በፕላዝማ ቢሆን ነዳጁም አደጋውም ይቀንሳል፣ ምስክር የሚሰማበት ቀን ግን በአካል ይቅረብ ባይ ነኝ፣ ዳኛው ፊቱን ማየት አለበት።

እና ሚስጥር የሚሆነው ከመነሳቱ በፊት እና መንገድ ላይ እያለ ነው። መቼ እንደሚነሳ፣ በየት እንደሚሄድ፣ አሁን የት እንደደረሰ፣ ይሄ ለኔም ለእናቴም አይነገር፣ ከሚመለከተው ሰው ውጪ ለመስሪያ ቤቱ ሰራተኛም አይነገር። ከደረሰ በኋላ ግን ምኑ ነው ሚስጥር? ተረካቢው ሲፈርም "ልጅዎ እዚህ ቦታ ደርሷል፣ የመጠየቂያ ቀን ይሄ ነው" የሚል አንድ ኤስኤምኤስ ቢላክ የት ላይ ነው ሴኩሪቲው የሚነካው? ህገ መንግስቱ አንቀጽ 21 ላይ በጥበቃ ስር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሃኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል፣ የት እንዳለ ካልታወቀ በምን ይገናኛል።

መንገድ ላይ ያለውን ደሞ ማን እንዳየው መታወቅ አለበት። በኔ ሱቅ የማየው ትልቁ ችግር ይሄ ነው፣ አንድ ፓስወርድ ለ10 ሰው፣ ፓስወርዱ 123456፣ ስራ የለቀቀ ሹፌር ሳይቀር ስልኩ ላይ መኪናውን እያየ ይኖራል። የቡና መኪና ላይ ይሄ ቢሆን ኪሳራ ነው፣ የእስረኛ መኪና ላይ ቢሆን ሰው ያስገድላል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው፣ ማን በስንት ሰዓት ከፍቶ አየ የሚለው ይመዝገብ፣ የጤናውን ነገር ደሞ የጤና ሰው ብቻ ይክፈተው፣ አጃቢው "መድሃኒት አለው፣ በዚህ ሰዓት ይሰጠው" የሚለውን ካወቀ የበሽታውን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ውስጥ ነው።

ቀጠሮ ላይ ልምጣ። ወንድሜ 3 ጊዜ ተቀጥሮ 3ቱንም አልቀረበም። አንዴ ነዳጅ የለም፣ አንዴ ትዕዛዙ አልደረሰንም፣ አንዴ ደሞ መጣ ግን ችሎቱ ከተነሳ በኋላ። እናታችን 3ቱንም ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ችሎት በር ላይ ነበረች፣ የሟች ወገኖችም እንደዛው፣ ከገጠር ነው የሚመጡት፣ እነሱም ፍትህ ፈልገው ነው የሚንገላቱት፣ አንድ ቀን እናቴና የሟች እናት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አየኋቸውና ወጣሁ። ትዕዛዙ አልደረሰንም የተባለበትን ቀን ሬጅስትራሯን "እህቴ ተልኳል ወይ" ብዬ ስጠይቃት የተላከበትን ደብተር ገልጣ አሳየችኝ፣ ተልኳል፣ ወደዛ በሚሄድ ሰው እጅ። ሰውየው ኪስ ውስጥ ይሁን ጠረጴዛ ላይ ይሁን እስከዛሬ አይታወቅም። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የሰጠ እለት ማረሚያ ቤቱ ስክሪን ላይ ቢወጣ፣ ማረሚያ ቤቱም መኪና እንደሌለው ከ3 ቀን በፊት አውቆ ቢመልስ፣ እነዚያ ሴቶች አይመጡም ነበር፣ ምስክሮቹም የአንድ ቀን ስራቸው አይቃጠልም።

ህጉ ላይ ደሞ አንድ ነገር አለ፣ እንደ ጂፒኤስ ገጣሚ ዓይኔ የገባ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይልና ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ግን አይቆጠርም ይላል። ግምት! ማነው የሚገምተው? ለምሳሌ ያህል ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ገደማ፣ ይሄን በስንት ሰዓት እንደሚኬድ የሚኒባስ ረዳት ይነግራችኋል። መኪናው ጂፒኤስ ካለው ግምት አያስፈልግም፣ መቼ ተነሳ፣ የት ለምን ያህል ቆመ፣ መቼ ደረሰ፣ ዳኛው ፊት በወረቀት ይቀርባል። ይሄ እስረኛውን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፣ ጎርፍ መንገድ ቆርጦት 6 ሰዓት የቆመ አጃቢ "ሆን ብለህ አዘገየህ" ሲባል የሚያሳየው ማስረጃ ይሆነዋል።

የመኪናው ውስጥ ደሞ። በ2015 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር አሜሪካ ውስጥ ፍሬዲ ግሬይ የሚባል የ25 ዓመት ልጅ እጁም እግሩም ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ያለ ቀበቶ ተጭኖ አከርካሪው ተጎዳ፣ በሳምንቱ ሞተ፣ ከተማው ውስጥ ረብሻና ቃጠሎ ተነሳ። እጁ በካቴና የታሰረ ሰው መኪናው ሲነጥር የሚይዘው ነገር የለውም። እኛ መንገድ ላይ ጉድጓድ እንደሌለ አድርገን አናውራ። ካሜራ ውስጥ ይሁን፣ ግን ከካሜራው በፊት ቀበቶ፣ ካሜራ የሚያሳየው ሰውየው ሲወድቅ ነው። እዛው አሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ ገዳይ የእስረኛ አውቶቡስ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም በጣራ መውጫ አምልጦ አጃቢዎቹ መጉደሉን ያወቁት ብዙ ሰዓት ከነዱ በኋላ ነው፣ በዓመቱ ህግ ወጣ፣ እስረኛ የሚያጓጉዝ የግል ድርጅት የሚቆምበት ከተማ ላለው ፖሊስ ከ24 ሰዓት በፊት ያሳውቅ የሚል። እዩት፣ ያመለጠባቸው ሰዎች መፍትሄ ብለው ያወጡት ዝምታን ሳይሆን ለትክክለኛው ሰው መናገርን ነው።

ሲስተሙን የሚሰራ ሰው ካለ ደሞ እባካችሁ ጅማ መጥቶ ይስራው። እዚህ መዝገብ በቁቤም ይጻፋል በአማርኛም ይጻፋል። ወንድሜ 2 ቀን የጠፋው በዚህ ነው፣ የአባታችን ስም በቁቤ አንድ ዓይነት ነው፣ በአማርኛ የጻፈው ሰው ግን ቃውን ካ አድርጎት፣ የአያት ስም ሳይጨምር ቀረ፣ በቃ ሌላ ሰው ሆነ። ቃሲምና ካሲም ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። በፋይዳ ቁጥር ቢያያዝ ይሄ ይቀላል፣ ፋይዳ የሌለው ታሳሪም ስለማይጠፋ የጣት አሻራና ፎቶ ይኑር። ቀኑ በኛ ይሁን፣ ሰዓቱም በኛ ይሁን፣ "3 ሰዓት" ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት በኋላ ብሎ ካነበበው ሌላ ያልቀረበ እስረኛ ነው የሚፈጠረው። እኔ ራሴ ጂፒኤስ ሶፍትዌር ላይ በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ስንት ባለመኪና ጋር ተጣልቻለሁ።

ወንድሜ ጉዳዩ አልቆ ወጥቷል፣ አሁን መንዳት ትቶ ከኔ ጋር ሱቅ ነው፣ ሳጥኖቹን እሱ ነው የሚፈታው። ይሄን ደብዳቤ ሳነብለት የመኪናውን የባትሪ ቮልት ስጽፍ ብቻ ሳቀ።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። ከናንተ ውስጥ እስቲ እንሞክረው የሚል ቢሮ ካለ፣ ለአንድ እስረኛ ማመላለሻ መኪና ሳጥኗን፣ የበር ሴንሰሩንና የድንገተኛ ቁልፉን በነጻ እገጥማለሁ፣ የርክክብ ቅጹንም የመድሃኒት መስመር ጨምረን አብረን እናስተካክለዋለን። መረጃው እናንተ ጋ ብቻ ይቀመጣል፣ እኔ ከገጠምኩ በኋላ ፓስወርዱን ቀይራችሁ ታስወጡኛላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከገጠምኳቸው ጂፒኤሶች ተበላሸ ተብሎ ከሚመለስልኝ አብዛኛው ምንም አልሆነም፣ ሲሙ ላይ ያለው ብር አልቆ ነው። ሲሙን በየወሩ የሚሞላው ሰው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ስሙ ተጽፎ ይሰጠኝ።

ከጅማ፣ አንድ ጂፒኤስ ገጣሚ